የሙኒብ ፕሪንተርና የላይኛው ፎቅ መሐንዲስ

ዓይነ ስውር ሰው በየትኛውም አገር ፕሪንተር ቢገዛ፣ ካርቶኑ ገና ሳይከፈት ያልተጠራ መሐንዲስ ከላይኛው ፎቅ ይወርድለታል። ይህን መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም፤ ማባረርም አይቻልም። ፕሪንተር ሲበራ የሚያሰማትን ያቺን የማጉረምረም ድምፅ በሦስት ግድግዳ ውስጥ አልፋም ቢሆን ይሰማታል። ከሰማ በኋላ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ መንገድ ይጀምራል።

በሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው የሚና ሰፈር፣ ለሙኒብ የደረሱት መሐንዲስ ክቡር አቡ ገዝዋን ናቸው። መሐንዲስ የተባሉት የትም ተምረው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ በክሬን ለሚነሣ ጭነት ገመድ ሲያስሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ገመድ ያለበት ነገር ሁሉ የእሳቸው ግዛት ነው። የስልክ ገመድ፣ የመብራት ገመድ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሁሉም በአንድ ሕግ ይተዳደራል ብለው ያምናሉ። ሕጉም "ንቀለውና መልሰህ ሰካው" የሚል ነው።

ሙኒብ በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት፣ በሯ ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል አለችው። መጻፍና ማተም እንጀራው ነው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ የሠርግ ጥሪ ያዘጋጃል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያትመው ግን የሞት ማስታወቂያ ነው። ሰው ሲሞት ስሙና የቀብሩ ሰዓት ታትሞ በየግድግዳውና በየመብራት ምሰሶው ካልተለጠፈ፣ ሰፈሩ ሳይሰማ ይቀበራል። ሳይለጠፍለት የተቀበረ ሰው ቤተሰብ ደግሞ ዓመት ሙሉ ወቀሳ ሲሰማ ይኖራል። ስለዚህ ሙኒብ ፕሪንተሩ እንዲበላሽበት አይፈልግም። በተለይ በሰው እጅ እንዲበላሽበት አይፈልግም።

ሙኒብ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያይም። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በሴት ድምፅ እየነገረው፣ እሱም በኪቦርድ ብቻ እያዘዘ ሥራውን ይሠራል። ፕሪንተሩንም ከካርቶን አውጥቶ የገጠመው ራሱ ነው። ማሸጊያውን በጣቱ እየፈለገ ላጠ፣ ገመዱን ሰካ፣ ድምፅዋን እየሰማ መስመር በመስመር ሄደ፤ ከሰዓት በኋላው እንዳለ ሄደበት። የሙከራዋ ገጽ ሞቅ ብላ እጁ ላይ ስትወድቅ በስልኩ ካሜራ አስነበባት። ባዶ ወረቀትም እንዲሁ ሞቆ ስለሚወጣ ሙቀቱን ብቻ አያምነውም። ስልኩ አነበበለት፤ ሳትዛነፍ ታትማለች። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ብቻውን ሳቀ።

ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው።

"ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?"

"ፕሪንተር ነው አቡ ገዝዋን። ገጥሜ ጨረስኩ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

"በል አንተ ተወው፣ እኔ አለሁ።"

"ጨርሻለሁ እኮ ነው የምልዎት!"

"አታስብ ብዬሃለሁ። እኔ አለሁ።"

በማግስቱ ፕሪንተሩ አልሠራም።

"እኔ አለሁ" የክቡርነታቸው መፈክር ናት። ቧንቧ ሲፈስ እኔ አለሁ፣ መኪና ሲቆም እኔ አለሁ፣ ድመት ዛፍ ላይ ስትቀር እኔ አለሁ። ከተናገሯት በኋላ የሚያቆማቸው ኃይል የለም። ሙኒብ አንድ ጊዜ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሞክሯል። በመስኮት በኩል ግማሽ ቀን ምክር ሲሰጡት ዋሉ፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ ስለሰማ የፕሪንተሩ መታመም እስከ ወደቡ ድረስ ታወቀ።

አሠራራቸው ወግ አለው። መጀመሪያ ድምፅዋን ያጠፏታል። "ይቺ ሴትዮ ታደርቀኛለች፣ ላስብበት እስቲ" ይላሉ። ሴትዮዋ ዝም ስትል ኮምፒውተሩ ለሙኒብ እንደ ቁም ሣጥን ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ሌላ የሚያደርገው የለም። ቀጥለው ስክሪኑን ወደ ሙኒብ ያዞሩለታል፤ ብርሃኑንም ከፍ ያደርጉታል፣ "እንዲሻልህ" ብለው። ከዚያ ማውሷን ጨብጠው ወደ ሥራ ይገባሉ።

"አንድ ነገር ብቅ አለ" ይላሉ።

"ምን ይላል?"

"ረጅም ነው።"

"ያንብቡልኛ!"

"መነጽሬን ላይ ረስቼዋለሁ።"

"ታዲያ ምን አደረጉት?"

"እሺ አልኩት።"

ክቡርነታቸው ኮምፒውተር የጠየቃቸውን ሁሉ እሺ ያሉ ሰው ናቸው። ምን እንደጠየቃቸው አንድም ቀን አላወቁም።

ለበሽታው ሁሉ የሚያዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስገባት። ችግሩ ማስገባቱን ያውቁበታል፣ ማጥፋቱን አያውቁበትም። ወረዱ በተባለ ቁጥር ያው አንድ ፕሪንተር ዝርዝሩ ላይ ሌላ ልጅ ወልዶ ይገኛል። ሙኒብ አንዲት ገጽ ማተም ሲፈልግ ሴትዮዋ ስም ጥሪ ትጀምራለች፦ "ፕሪንተር። ፕሪንተር ቅጂ አንድ። ፕሪንተር ቅጂ ሁለት። ፕሪንተር ቅጂ ሦስት..." ከእነዚህ ሁሉ በሕይወት ያለው አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ከጉብኝት ጉብኝት ይለያያል። ባለጉዳዩ በር ላይ ቆሞ ሲጣደፍ ሙኒብ ሬሳ ከቋሚ ይለያል።

የፕሪንተሩ ፊት ደግሞ ልሙጥ መስታወት ነው። ጎበጥ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ለጣት ሁሉም አንድ ነው። ሙኒብ በስንት ልፋት ቦታቸውን አጥንቶ፣ ማስጀመሪያው ላይ አንዲት የምስር ክክ፣ ማቋረጫው ላይ ሁለት ጎን ለጎን በማጣበቂያ ለጠፈ። ለጥቂት ቀናት እንደ ልቡ ሠራ። አንድ ቀን ለሶላት ሄዶ ሲመለስ ክፍሉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

"አንተ ልጅ!" አሉ አቡ ገዝዋን ጨርቅ እያራገፉ። "ምሳህን እዚህ ላይ ነው እንዴ የምትበላው? ምስር ደርቆበት በቢላ ነው የፋቅኩት!"

ሙኒብ መስታወቱን በመዳፉ ዳበሰው። እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል።

"ምልክቴ ነበር እኮ አቡ ገዝዋን።"

"የምን ምልክት?"

"የጣቴ።"

ሰውየው ጨርቁን አጥፈው ወጡ። እሳቸው ሳይመክሩ ሲወጡ የሚቀጥለው ነገር ያስፈራል። በማግስቱ ሙኒብ በሩን ሲከፍት ቀድመውት ገብተው ነበር፤ የመለዋወጫ ቁልፍ እንዳላቸው የታወቀውም ያን ቀን ነው።

"ክሼሃለሁ" አሉት በደስታ። "ምስር ለጣት ያንሳል። ሽምብራ አድርጌልሃለሁ።"

"የት የት ላይ?"

"አራቱም ማዕዘን ላይ። እንዲያምር።"

መንገር ሲኖርባቸው መጠቆም ይወዳሉ፤ ይህም አንዱ ጠባያቸው ነው። "ቀይ መብራት ትብለጨለጫለች" ይላሉ። "የቷ ጋ?" ሲላቸው "ይቺ ጋ! ይቺ!" እያሉ በጣታቸው ያሳዩታል። "አቡ ገዝዋን፣ ጣትዎ አይታየኝም እኮ" ሲላቸው "ውይ፣ አፉ በለኝ" ይሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይቺ ናት!" ይላሉ።

ይህ ሁሉ ግን ከሐጂ ፈውዚ ነገር ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

ሐጂ ፈውዚ ካዕክ ጋጋሪ ነበሩ፤ ባለ ሰሊጡን ዳቦ ሚና ውስጥ እንደሳቸው የሚጋግር አልነበረም። በብርድ ወራት ሞቱ፤ ማስታወቂያቸውን ያተመው ሙኒብ ነው። በዚያን ዕለት ትእዛዙ በመጀመሪያ ወደ አንዱ ሙት ፕሪንተር ሄዶ ወረፋ ላይ ቀረ፤ ሙኒብም በሌላው አትሞ ገላገለ፤ የቀረውን ረሳው። በጋው መሐል ላይ ክቡር መሐንዲስ ወርደው እንደ ልማዳቸው ሲጠግኑ ሳለ ያንን ሙት ፕሪንተር አስነሡት። ሙኒብ ያኔ በሩ ላይ ከባለጉዳይ ጋር ይነጋገር ነበር። ፕሪንተሩ ለወራት የያዘውን ሁሉ ይተፋው ጀመር። አቡ ገዝዋን ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት በላይ በላይ ሲወጣ አዩ። አንድ ምስኪን መሞቱን ተረዱ፤ ለማንበብ መነጽራቸው የለም፤ ሙኒብን ማቋረጥ ደግሞ አልፈለጉም። ወረቀቱን በብብታቸው፣ የማጣበቂያ ቆርቆሮውን በእጃቸው ይዘው ሊለጥፉት በጓሮው በር ወጡ።

ከሰዓት በኋላ የሚና ሰው፣ ከዚያ ቤት ሌላ ሰው የሞተ መስሎት፣ ጨለምለም ያለ ልብሱን ለብሶ የሐጂ ፈውዚ ቤት ደረሰ። ባለቤታቸው ኡም ዋኢል በር ከፍተው ያን ሁሉ ፊቱን ያጠቆረ ሰው ሲያዩ፣ ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው የሞተ መስሏቸው እዚያው በሩ ላይ ተቀመጡ። የመጡበት ምክንያት ሲነገራቸው ብድግ ብለው ለመምቻ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና በቀጥታ ወደ ሙኒብ ክፍል መጡ።

"ባሌን ስንት ጊዜ ነው የምትገድሉት?" አሉ። "አንዴ ሲሞት ያወጣሁት ወጪ አንሶ ነው?"

ሙኒብ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። አቡ ገዝዋን ግን ሳቅ የመሰለ ሳል ሳሉ። "አይዞሽ ኡም ዋኢል፣ ተረጋጊ" አሉ፤ "ዱዓ በዛላቸው እንጂ ምን ጎደለባቸው? ወረቀቱን የምነቅለው እኔ አለሁ።"

ነቀሉትም። ግን ሲነቅሉ ከሥሩ ያለውን የሌላ ሰው ማስታወቂያ፣ ገና ያልተቀበረውን፣ አብረው ነቀሉት።

ሙኒብ ከዚያ ወዲህ ይህን ሕንጻ ለቆ ለመሄድ አስቦ ያውቃል። ሌላ ክፍል አፈላልጎ፣ ኪራይ ተስማምቶ፣ ዕቃ ማሰር ሁሉ ጀምሮ ነበር። ያስቀሩት የአቡ ገዝዋን ባለቤት፣ ኡም ገዝዋን ናቸው። ምንም አላሉትም፤ አልለመኑትም። ያስቀረው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት መብራት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ የሚኖረው በጄኔሬተር ነው፤ የሙኒብ ክፍልና የላይኛው ፎቅ ደግሞ አንዲት ቀጭን መስመር ይጋራሉ። ፕሪንተሩ ሲሞቅ ላይ የውሃ ማሞቂያው ከተለኮሰ ብሬከሩ ጥሎ መብራቱ ይቋረጣል፤ ወረቀቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተነክሶ ይቀራል። የተነከሰ ወረቀት በዳበሳ ማውጣት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ሙኒብ ብቻ ነው። ስለዚህ ኡም ገዝዋን ማሞቂያውን ከመንካታቸው በፊት ወደ ደረጃው ብቅ ብለው ይጣራሉ፦

"ሙኒብ! ታትማለህ እንዴ? ማሞቂያ ልለኩስ ነው!"

"ትንሽ ይታገሱኝ!"

"እሺ የኔ ልጅ። ስትጨርስ ንገረኝ።"

በቃ ይኸው ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ከመንካታቸው በፊት የሚጠይቁ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዳንዴ ባላቸው ሲወርዱ ሰምተው ከኋላ ይከተሏቸዋል። "አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ተወው! የማያየው ዓይኑ እንጂ ጭንቅላቱ ነው እንዴ?" ይላሉ። "እያገዝኩት እኮ ነው ነዚሃ!" ይላሉ ክቡርነታቸው። "ጠየቀህ?" ይላሉ ሴትየዋ። ክቡርነታቸው ይህን ጊዜ ጎንበስ ብለው ገመድ መፈተሽ ይጀምራሉ።

አንድ ዓርብ፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ባባራበት ማለዳ፣ የሙኒብ በር ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ባለጉዳይ መስሎት "ይግቡ" አለ።  ሙኒብ የገባውን ሰው በነጠላ ጫማው ድምፅ ለየው፤ ማንኳኳቱን ግን ከሰውየው ጋር ሊያገናኘው አልቻለም።

"አቡ ገዝዋን?"

"ኡም ገዝዋን ንጋት ላይ አረፈች" አሉ።

ሙኒብ ተነሣ። እጁን ዘረጋ፤ እጃቸውን አገኘ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ የማጣበቂያ ቆርቆሮውን ጨብጠዋል።

"ልጃችን ገዝዋን ከአውስትራሊያ አይደርስም" አሉ። "ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንቀብራታለን። ዛሬ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው።"

ጄኔሬተሩ ከሶላቱ በፊት ይጠፋል። ሙኒብ ይህን ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። 

"ይቀመጡ" አለ ሙኒብ።

ክቡር መሐንዲስ ተቀመጡ። ማውሷን አልያዙም፤ ስክሪኑን አላዞሩም፤ ሴትዮዋንም አላጠፏትም። ሙኒብ የሚጻፈውን ጠየቀ።

"እንደ ደንቡ ስማቸውን ሳልጠራ 'የሐጂ እገሌ ባለቤት' ብዬ ልጻፍ ወይስ..."

"ስሟን ጻፍ" አሉ። "ሐጃ ነዚሃ፣ የራጊብ ሸንቡር ልጅ። ሙሉውን ጻፈው። የኔን ከታች አድርገው።"

ሙኒብ ጻፈ። ከዚያ የስም ጥሪው መጣ፦ "ፕሪንተር። ፕሪንተር ቅጂ አንድ። ፕሪንተር ቅጂ ሁለት..." ሴትዮዋ እየዘረዘረች ስትሄድ፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ሰው በየስሙ ትንሽ ትንሽ የሚያንሱ መሰለው።

"ይሄ ሁሉ የኔ ሥራ ነው?" አሉ።

"የሚሠራውን አውቀዋለሁ" አለ ሙኒብ። "አያስቡ።"

ላከው። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ ሞቀ፣ የመጀመሪያዋን ወረቀት ሳበ። በዚህ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ኮቴ ተራወጠ። ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ገብተዋል፤ ሬሳው የሚታጠብበትን ውሃ ሊያሞቁ ነው። ከደረጃው የተጣራ ሰው ግን አልነበረም። ብሬከሩ ጣለ። ፕሪንተሩ ወረቀቱን እንደነከሰ ጸጥ አለ፤ ሴትዮዋም ጸጥ አለች፤ ክፍሉ ውስጥ ከመንገድ የሚመጣ የመኪና ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሙኒብ ጣቶቹን ወደ ፕሪንተሩ ሆድ አስገብቶ ወረቀቱን መፈለግ ጀመረ። ከኋላው ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ። አሁን መጡብኝ ብሎ ትከሻውን አጠበበ። አልመጡበትም። ነጠላ ጫማው በሩን አልፎ ደረጃው ሥር ሄደና ብሬከሩን አነሣ። ከዚያ ድምፃቸው ሕንጻውን ከታች እስከ ላይ ሞላው፦

"ሙኒብ እያተመ ነው! ማንም ምንም እንዳይነካ! ማሞቂያውን አጥፉ! ልጁ እስኪጨርስ ማንም ሰው ማብሪያ እንዳይነካ!"

ፎቁ ጸጥ አለ። የሚያለቅሱትም ዝም አሉ።

አቡ ገዝዋን ወደ ክፍሉ አልተመለሱም። ደረጃው ላይ፣ ሚስታቸው ይቆሙበት ከነበረው ዝቅ ብለው፣ ዘብ ቆሙ። ሙኒብ የተነከሰውን ወረቀት ሳይቀደድ አወጣው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ሴትዮዋ ተነሣች፣ ስም ጥሪው እንደገና ተካሄደ። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ሞቅ ሞቅ እያሉ እጁ ላይ ወደቁ። የመጨረሻዋን ይዞ "ይግቡ" ሲል ነው የገቡት።

ሙኒብ እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን ከወረቀቱ በላይ ያዘ። ስልኩ በዚያው በሴት ድምፅ፣ ያለ ምንም ስሜት፣ ከላይ ጀምሮ አነበበ። እኛ የአላህ ነን፣ ወደርሱም ተመላሾች ነን። ሐጃ ነዚሃ፣ የራጊብ ሸንቡር ልጅ። የአቡ ገዝዋን ባለቤት። የቀብሩ ሰዓት፣ የመስጊዱ ስም።

"ደህና ወጥቷል" አለ ሙኒብ ስልኩን ሊያጠፋ።

"አታጥፋት።"

ሙኒብ እጁን አቆመ።

"እስቲ እንደገና ታንብበው" አሉ አቡ ገዝዋን። "ስሟ ያለበትን።"

ሴትዮዋ አነበበች። እንደገና ታንብብ አሉ፤ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ሰብስበው ቆርቆሮውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የሷ ነው አይደል?" አሉ። "የሌላ ሰው እንዳይሆን።"

"የሳቸው ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበር። ከሶላት በኋላ መንገዱ ሰው መያዣ አጣ፤ ኡም ዋኢልም መጥተው ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ሙኒብን በክንዱ ይዘው፣ "ይሄኛው ትክክለኛ ነው ብዬ ነው የመጣሁት" አሉት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሙኒብ ፕሪንተር እንደ ሰዓት ሠራ። ድምፅዋን ያጠፋት የለም፤ ምስሮቹን መልሶ ለጥፏቸዋል፤ የፋቃቸው የለም። በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሙታን አንድ በአንድ አጥፍቶ አንዱን ሕያው ብቻ አስቀረ፤ ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ነገር ነው። ትእዛዝ ይልካል፣ ይታተማል፣ ያልቃል። ባለጉዳዮች ቶሎ ይሄዳሉ። ቀኑ ረዘመበት። ሙኒብ ጥሩ እንቅልፍ ባለመተኛቱ ነው ብሎ አሰበ።

ከላይኛው ፎቅ የሚሰማ ነገር ጥቂት ነው። ሬዲዮ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዳንዴ ነጠላ ጫማው እስከ ደረጃው አፍ ይመጣና ይመለሳል። ማሞቂያው ተለኩሶ አያውቅም። ብሬከሩ አንድም ቀን አልጣለም። ሰውየው በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚታጠቡ የገባው ዘግይቶ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ሙኒብ ሥራውን ጨርሶ፣ ፕሪንተሩን አጥፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ከላይ ሳል ተሰማ። ጉሮሮ ተጠረገ። ከዚያ ሻካራ ድምፅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ እንደማያውቅ ሰው እየተደነቃቀፈ ተጣራ፦

"ሙኒብ! ታትማለህ... ታትማለህ እንዴ? ማሞቂያ ልለኩስ ነበር።"

ሙኒብ ምንም የሚያትመው አልነበረውም። "አላትምም፣ ይለኩሱ" ሊል አፉን ከፈተ። ሰውየው ከዚያ ገላቸውን ታጥበው፣ ሬዲዮውን ከፍተው፣ ሬዲዮውን ዘግተው እንደሚቀመጡ ታሰበው።

"አዎ፣ ላትም ነበር!" አለ። "ግን አልሠራ ብሎኛል!"



"ምን ሆነ?"

"እኔ እንጃ! አልገባኝም!"

"እንዳትነካው!" ነጠላ ጫማው ደረጃው ላይ መንጫጫት ጀምሯል። "እንዳትነካው ብያለሁ! አንተ ተወው፣ እኔ አለሁ!"

ሙኒብ ያኔ ነው ፕሪንተሩ ምንም እንዳልሆነ ትዝ ያለው። ዘሎ አበራው፤ ከጀርባው እጁን ሰዶ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ መዥረጥ አድርጎ ወለሉ ላይ ጣለው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ አቡ ገዝዋን በሩ ላይ ነበሩ። ትንሽ ቆሙ፤ ሁለት ጊዜ አንኳኩ፤ "ይግቡ" ሳይባሉ ገቡ።

እጃቸው እንደ ልማዱ ሴትዮዋን ሊያጠፋ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ሙኒብ ጠበቀ። እጁ እዚያው ቀረ።

"እስቲ ምን ትላለች?" ብለው ጠየቁ።

"ፕሪንተር። ከመስመር ውጪ" አለች ሴትዮዋ።

"አየህ!" አሉ ክቡር መሐንዲስ፤ ድምፃቸው ሞቅ አለ። "አላልኩህም? ይሄ ከሥሩ ጠፍቶ እንደ አዲስ ካልገባ አይሆንም። መነጽሬን አላመጣሁም እንጂ... በል ጠጋ በልልኝ። አንድ ነገር ብቅ አለ።"

"ምን ይላል?"

"እሺ አልኩት።"

"ፕሪንተር ቅጂ አንድ" አለች ሴትዮዋ። "ከመስመር ውጪ።"

ሙኒብ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ሁሉ ቀን አጽድቶት የነበረ ዝርዝር ነው። አቡ ገዝዋን ማውሷን ሲጎትቱ ክርናቸው ጎኑን ወጋው፤ ስክሪኑን ወደሱ አዞሩለት፤ ብርሃኑንም "እንዲሻልህ" ብለው ከፍ አደረጉለት። በነጠላ ጫማቸው ገመዱን ረግጠው ሲያልፉ ሰማ። ጎንበስ ቢሉ ያገኙታል።

ሙኒብ እግሩን በቀስታ ዘረጋና ገመዱን ወደ ጠረጴዛው ውስጠኛ ጥግ ገፋው።